እህቴን ያስተማርኳት ዓረብኛ

ከመርሳ የወጣሁ ዕለት ማታ ቤታችን በሸኚ ተሞልቶ ነበር፤ እኔና እናቴ ግን ጓዳ ገብተን ከአንድ ክር ጋር እንታገል ነበር። ክሩ ማተቤ ነው። ደላላው ፓስፖርቴን ዘሃራ በሚል ስም አውጥቶልኛል፣ ዕድሜዬም ላይ አምስት ዓመት ጨምሮበታል። «ዘሃራ ደግሞ ማተብ የላትም፣ ዛሬውኑ አውልቂ» ብሎኛል። ስሜ ትርንጎ ነው። እናቴ ቋጠሮውን በጥፍሯ ሞከረች፣ በጥርሷ ሞከረች፣ አልሆነላትም። ከዚያ «እኔ አልችልም፣ አንቺው በጥሺው» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። በምላጭ በጠስኩት። አንገቴን ቀለለኝ፤ ግን ደስ የሚል መቅለል አልነበረም፣ በር ሳይዘጉ ወጥተው መንገድ ላይ ሲያስታውሱት እንደሚሰማ ያለ ነገር ነው።

ታናሽ እህቴ እመቤት ያን ማታ አብራኝ ተኛች። ሰባተኛ ክፍል ነበረች፤ እኔ ስድስተኛ ላይ ነው ያቆምኩት። «እዚያ ስትደርሺ ሁሉንም በስልክ ትነግሪኛለሽ?» አለችኝ። «ሁሉንም» አልኳት።

ዓረብ አገር አንድ ዓመት ተኩል ሠራሁ። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም፤ ከእናንተ መካከል ያልሄደ ወይም ልጁን ያልሸኘ ማን አለ? ከዚያ የአሠሪዬ የማዳም እናት፣ ሐጃ የምንላቸው አሮጊት፣ ግማሽ ሰውነታቸው አልታዘዝ አላቸው፤ ለሕክምና ወደ ሎንደን ሲመጡ እኔም ከሻንጣዎቹ ጋር መጣሁ።

ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ሹም በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። ማዳም ቀድማ መለሰች። ሰውየው እጁን ከፍ አድርጎ አስቆማትና ወደ እኔ ጠቆመ። ማዳም ዞር ብላ በዓረብኛ «ፈገግ በይ» አለችኝ። ፈገግ አልኩ። ሹሙም ፈገግ አለ። አንድ ወረቀት ሰጠኝ፤ የሠራተኛ መብት የተጻፈበት እንደነበር ያወቅኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ማዳም ከእጄ ወሰደችና «እንዳይጠፋብሽ እኔ ጋ ይቀመጥ» ብላ ከፓስፖርቴ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እውነቷን ነው፣ አልጠፋም።

ቤት ደውዬ «ሎንደን ነኝ» ስል እማዬ እልል አለች። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ሊላት መጣ። እኔ ግን ሎንደንን የማያት ከወጥ ቤት መስኮት ነበር። ሼፈርድስ ቡሽ አካባቢ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው ቤቱ፤ ከታች ገበያ አለ። አንድ ቀን የእኛን የመሰለ ቃሪያ በሳህን ተደርድሮ አየሁ፣ ከአራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ምራቄን ዋጥኩ። ዝናቡ እንኳ እንደኛ አይደለም። የእኛው ይመጣል፣ ይጮኻል፣ ይሄዳል፤ የዚህኛው ድምፅ የለውም፣ ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ይውላል። ማዳምና ልጆቿ ሲወጡ በሩ ከውጭ ይቆለፋል። ውስጥ የምንቀረው እኔና ሐጃ ነን።

ስለዚህ ሎንደን ተቀምጬ የተማርኩት ዓረብኛ ነው። እስከዚያ የማውቀው የሥራ ቃላት ብቻ ነበር። ሐጃ አፋቸው ወደ አንድ በኩል ስለተሳበ ቃሉ ግማሹ ብቻ ነው የሚወጣው፤ የልጅ ልጆቻቸው እስኪጨርሱ መጠበቅ ሰልችቷቸው በእንግሊዝኛ እየተንጫጩ ይሄዳሉ። እኔ ግን የት እሄዳለሁ? እሳቸው በደህና እጃቸው እየጠቆሙ ይናገራሉ፣ እኔ እደግማለሁ፣ ስሳሳት ይስቃሉ። ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ሞተው ባላቸው፣ አባታቸው ስለሸጠው ግመል ሁሉ ነገሩኝ። ከማዳም ይልቅ እኔ ቃላቸውን የምለይ ሆንኩ።

የእሳቸው ደግነት ነው ያስቸገረኝ። ሥጋ አልበላም ነበር። መርሳ ያደገ ያውቀዋል፤ ለሠርግ ስንጠራራ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የየራሱ ይታረድለታል፣ አንዱ የሌላውን አይበላም፣ በዚህ የሚቀየም የለም። ዘሃራ ሆኜ ግን ይህን ለማን ልናገር? «ጨጓራ አለብኝ» አልኩ። ሐጃ ስለ ጨጓራዬ እያዘኑ የራሳቸውን መድኃኒት ያካፍሉኝ ነበር።

ዓርብ ዓርብ ማዳም ስልኬን ለግማሽ ሰዓት ትሰጠኛለች። እመቤት በድምፅ የላከችልኝን ሁሉ ያን ጊዜ እሰማለሁ። አንድ ዓርብ ሐጃ አጠገቤ ሆነው ያዳምጣሉ።

«ይቺ ማርያም ማርያም የምትሏት ማን ናት?» አሉኝ።

«አክስቴ ናት።»

«ሁልጊዜ ትጠሯታላችሁ። ታማለች እንዴ?»

«ደህና ናት፣ ሐጃ።»

«ሰላም በይልኝ።»

ስተኛ ብርድ ልብሱን ተከናንቤ ማርያምን ይቅርታ ጠየቅኳት። ሰላምታውንም ነገርኳት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በሌላ ዓርብ ማዳም የእመቤትን ድምፅ ሰማችና «ማን ናት?» አለችኝ።

«እህቴ ናት።»

«እንዳንቺ ናት? ወይስ ቃል ትመልሳለች?»

«ኧረ አትመልስም!» አልኩ። እህቴን ማመስገኔ ነበር።

«የኔ እህት ሠራተኛ ትፈልጋለች። እናምጣት።»

«ሐዲር» አልኩ። እሺ፣ ዝግጁ ነኝ ማለት ነው። ብዙዎቻችን እንዲህ እናደርጋለን፤ ማዳም እህት አለሽ ወይ ካለች ሥራችን ተወደደ ማለት ነው፣ ደስ ይለናል፣ እህታችንን እንሰጣለን። በአንድ ቀን ደላላው ቤታችን ደረሰ። እናቴ ተስማማች። ማዳም ቪዛ አስጀመረችላት። እመቤት ከትምህርት ቤት ቀረች።

ከዚያ በኋላ ዓርብ የትምህርት ቀን ሆነ። «እትዬ፣ ዛሬ ምን አለሽ?» ትለኛለች። እኔ ስልኩን ወደ አፌ አስጠግቼ «ታዓሊ ነዪ ማለት ነው። ጂቢ አምጪ ነው። ማይ ውሃ፣ ዓይሽ ሩዝ። ሲጠሩሽ ሐዲር ብለሽ ሮጥ ማለት ነው» እላለሁ። እስቃለሁም፣ እንዳትፈራ ብዬ። አህያ ብለው የሚሰድቡበትን ቃል አላስተማርኳትም። በሩ ሲቆለፍ ቁልፉ ስንት ጊዜ እንደሚዞር አልነገርኳትም። ስልኩ ከእጄ ሲወሰድ ግን፣ በየሳምንቱ አንድ አንድ ቃል እየሰጠሁ እጇን ይዤ ወደዚያ ቤት የማስገባት ይመስለኝ ጀመር።

ሐጃን ሆስፒታል በዊልቸር የምገፋው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ማዳም መኪና የምታቆምበት ቦታ ፍለጋ ስትዞር እኔና ሐጃ ብቻችንን ገባን። ነርሷ ጠና ያለች ጥቁር ሴት ናት፤ ዓረብኛ አስተርጓሚ በስልክ አገናኘችን። ሰውየው የሐጃ ንግግር አልገባው አለ። እኔ ሐጃ ያሉትን በጎላ ዓረብኛ ለእሱ፣ እሱ ለነርሷ፣ እንዲህ እየተቀባበልን ጨረስን። ነርሷ አየችኝና እኔን መጠየቅ ጀመረች፤ መጀመሪያ አገሬንና ቋንቋዬን።

«የዕረፍት ቀንሽ መቼ ነው?» አለኝ አስተርጓሚው።

«ሐጃ ሲተኙ።»

«ፓስፖርትሽ የት ነው?»

«ማዳም ጋ።»

«የቤቱ ቁልፍ አለሽ?»

«ቁልፍ ምን ያደርግልኛል? አልወጣም እኮ።»

እያማረርኩ አልነበረም፣ የተጠየቅኩትን መመለሴ ነው። ሰውየው ይህንንም ተረጎመላት። ነርሷም እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ነርሷ ማዳምን «ለምርመራ ነው» ብላ ውጭ አስቀመጠቻትና ሌላ ስልክ ደወለች። «እንደምን ዋሉ? ዛሬ ለእርስዎ የማስተረጉመው እኔ ነኝ» የሚል የሴት ድምፅ በአማርኛ መጣ። ዞር ብዬ ኋላዬን አየሁ። እርስዎ የተባልኩት እኔ ነኝ! በሕይወቴ እርስዎ ብሎኝ የሚያውቅ የለም። ስሜን ስትጠይቀኝ ትርንጎ አልኩና አለቀስኩ።

«ነርሷ፣ ከዚያ ቤት መውጣት ይፈልጋሉ ወይ ትላለች።»

«እኔ ከወጣሁ ማዳም ትናደዳለች?»

ጠይቃልኝ ተመለሰች። «ሳትናደድ አትቀርም ትላለች።»

«የእህቴን ቪዛ እስክትሰርዝ ድረስ?»

ነርሷ ያን አታውቅም። እኔ ግን አወቅኩ። ማዳም ምን ያህል እንደምትናደድ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ለራሴ ብቻ ቢሆን እስከ ዛሬም እዚያው ነበርኩ፤ ሰውን ማስቀየም እፈራለሁ። ግን እኔ ከጠፋሁ እመቤት መርሳ ትቀራለች አልኩ።

በሦስተኛው ቀጠሮ ከሠራተኞች መርጃ ድርጅት የመጣች ሴት በሌላ በር ጠበቀችኝ። የለበስኩት ልብስ ብቻ ነው ያለኝ። ሐጃን ለነርሷ ትቼ ልወጣ ስል በደህና እጃቸው እጅጌዬን ያዙ።

«ወዴት ነው?»

ሌላ ቃል አልመጣልኝም። «አክስቴ ጋ» አልኩ።

«ማርያም ጋ?»

«አዎ፣ ሐጃ።»

ትንሽ አዩኝና እጅጌዬን ለቀቁ። «ጨጓራሽን ተጠንቀቂ» አሉኝ።

አሁን እዚሁ ሎንደን፣ ሃርልስደን የሚባል ሰፈር ነኝ። አራት ሴቶች በምንኖርበት ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ሰጥተውኛል። በሩ ከውስጥ ነው የሚቆለፈው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቆልፌ፣ ከፍቼ፣ እንደገና ቆልፌ አየሁት። ግን እዚህ ለመቆየት ላመለከትኩት መልስ እስኪመጣ ሥራ መሥራት ክልክል ነው፤ ወረቀት የለኝም፣ ወደ አገሬም መሄድ አልችልም። አውቶቡሶቹን ቆሜ አያቸዋለሁ፣ የምሄድበት ስለሌለኝ አልሳፈርም። ቤቱን የሚቆጣጠረው ሰውዬ ማሞቂያው አይሠራም ስንለው «ሪፖርት አድርጉ» ይለናል። ሪፖርት የምናደርገው ለማን ነው ስንለው «ለኔ» ይላል።

ለቃለ መጠይቅም ተጠርቻለሁ። ጠያቂዋ በአስተርጓሚ በኩል «እዚህ ሁለት ስም አለ። ታዲያ እንግሊዝ አገር የገባችው የትኛዋ ናት?» አለችኝ።

«ሁለታችንም» አልኩ።

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።»

«ሁለታችንም ገብተናል።»

ጻፈችው። መልሱ እስካሁን አልመጣም።

እዚህ ከገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ስልክ አገኘሁና ቤት ደወልኩ። የተናደደች እናት፣ የተሰረዘ ቪዛ ጠብቄ ነበር። እማዬ ደስ ብሏታል። ማዳም እውነትም የእመቤትን ቪዛ ሰርዛለች፤ ደላላው ግን በሳምንቱ ሌላ ቤት አግኝቶላታል። የማን ቤት እንደሆነ አያውቁም። ረቡዕ ትሄዳለች አለችኝ።

«እማዬ፣ እንዳትልኪያት» አልኩ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቁልፉን፣ ስድቡን፣ ስልኩን፣ የአክስቴን ነገር ሳይቀር። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«አንቺ ሎንደን ከገባሽ በኋላ ነው ለእህትሽ በሩን የምትዘጊው?» አለችኝ።

«እማዬ፣ በማርያም...»

«በማርያም አትበይኝ። ቀንተሽ ነው።»

እመቤት ስልኩን ወሰደችባት። ስትተነፍስ ይሰማኛል። ድምጿ ከተለያየን ወዲህ ወፍሯል።

«እትዬ፣ እውነት ነው ያልሽው?»

«እውነት ነው።»

«ታዲያ ቃሉን ስታስተምሪኝ ለምን ትስቂ ነበር?»

እንዳትፈሪ ብዬ ነው ልላት ፈለግሁ፤ መፍራት የነበረባት ያን ጊዜ ነው። ከውጭ አውቶቡስ አለፈ፣ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። እመቤት ደግሞ ቀስ ብላ «እኔ ተናግሬያለሁ፣ ለሰው ሁሉ ነግረናል፣ ልብሱም ተገዝቷል፣ አሁን ቀረሁ ብል ምን እባላለሁ?» አለችኝ። ገባኝ። እኔም ያን ማታ ጓዳ ውስጥ ሆኜ፣ ቤቱ በሸኚ ተሞልቶ፣ ይህንኑ ነበር የማስበው።

«እሺ፣ ስሚኝ» አልኳት። «ወረቀት አትያዢ። ይወስዱብሻል። ስልክም ይወስዱብሻል። የኔን ቁጥር በቃልሽ ያዢው።»

«ልጻፈው?»

«አትጻፊው አልኩሽ። በይ፣ ተከተይኝ።»

አንድ አንድ ቁጥር እየጠራሁ አስከተልኳት። ከአገሩ ቁጥር ጀምሮ ረጅም ነው። መሃል ላይ ስትደርስ ሁለቱን ቁጥሮች አቀያየረቻቸው። ከኋላዋ እናቴ ምን እየተባባላችሁ ነው ትላለች። እንደገና ጀመርን፣ እዚያው ቦታ ላይ ተሳሳተች። ቀስ አድርጌ ሰጠኋት፣ ቀስ አድርጋ ተቀበለችኝ፣ እስከ መጨረሻው ደረሰች።

«ያዝኩት» አለችኝ።

«ድገሚው» አልኳት። «እኔ ዝም እላለሁ፣ ብቻሽን ድገሚው።»

ጀመረች።