ከሥዕሉ ሥር የመጣ ሞተር

የሰፈሩ ሰው «ካቻቪቴ» ነበር የሚለው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የልብስ ስፌት መኪና ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ፣ ሃምሳን ተሻግሮ ብዙም ሳይቆይ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ትንሿ ብሎን ከጣቱ አምልጣ ወለሉ ላይ ስትንከባለል ደንበኞቹ አይተው እንዳላዩ ይሆኑለታል። እሱ ግን ያያል። ሱቁን ዘጋ።

የሚያውቀውን ለመጻፍ ጤነኛ እጅ አያስፈልግም ብሎ ድረ ገጽ ከፈተ። ክር ለምን ይበጠሳል፣ መርፌ ለምን ይሰበራል፣ መኪናው ለምን ይጮኻል፤ ሁሉንም በአንድ ጣት እየለቀመ ከነሥዕሉ ጻፈው። ልብስ ሰፊዎች ወደዱለት። ገቢው ግን ከገጹ ዳር ከሚወጡት ማስታወቂያዎች ብቻ ነበር፤ አንባቢ ሲነካቸው ለእሱ ጥቂት ይደርሰዋል። የሚመርጣቸው እሱ አይደለም። ገጹ ላይ ያለውን ቃል እየተከተሉ በራሳቸው ይመጣሉ፤ ስለ መርፌ ከጻፈ መርፌ ሻጭ፣ ስለ ዘይት ከጻፈ ዘይት ሻጭ።

የመጀመሪያው ዓመት ገቢ የኢንተርኔቱን እንኳ አልሸፈነም። የሚኖሩት በሚስቱ ደመወዝ ነበር፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ናት። አንድም ቀን ክፉ አልተናገረችውም። ዝምታዋ ነው የሚያንገበግበው።

ስለዚህ ተቀምጦ ተማረ። ማስታወቂያዎቹን ከዳር አንስቶ በቀጥታ ከሥዕሎቹ ሥር አስገባቸው፤ ቀለማቸውንም ከገጹ ጋር አመሳሰለ። በወሩ ገቢው ሦስት እጥፍ ሆነ። ከሁሉም በላይ የሚያስገኘው «ይህን የስፌት መኪና ሞተር አትግዙ፣ ይቃጠላል» ብሎ የጻፈው ገጽ ነበር። ለምን ይሆን የሚል ሐሳብ አንድ ሁለቴ መጣበት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለው።

አንድ ጠዋት የመጀመሪያ ደንበኛው የነበሩት፣ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፉት እትዬ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። ላስቲኩ ሲፈታ የተቃጠለ ሽቦ ሸተተ።

«ያዘዝክልኝን ሞተር አመጣሁልህ።»

«እኔ ነኝ ያዘዝኩልዎ?»

«ታዲያ ማን ነው? ዓይኔ ፊደል መለየት ካቆመ ቆየ፣ ሥዕሉን ነው የማየው። ከሥዕልህ ሥር ይሄ ነበር። የካቻቪቴ ዕቃ ነው ብዬ ገዛሁ። በአሥራ አንድ ቀኑ ጨሰ።»

ስልካቸውን ተቀብሎ ከፈተ። ከላይ የእሱ ማስጠንቀቂያ፣ ከሥሩ ያው ሞተር፣ እሱ በመረጠው ቀለም፣ የገዛ ልጁ መስሎ ተቀምጧል።

«እኔ አልሸጥኩትም፣ እትዬ። ማስታወቂያ ነው። ሞተር ስላልኩ ሞተር አመጣ። አትግዙ ማለቴን እሱ አያውቅም።»

«እሱ አያውቅም። አንተስ?»

ሞተሩን ከላስቲኩ አውጥቶ አገላበጠው። እትዬ ቤት መቶ አርባ ዩኒፎርም ሳይሰፋ ተቆልሏል፤ ቅዳሜ ካላስረከቡ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል። እሱ ቤት ካለችው የስፌት መኪና ሞተሩን አውጥቶ ለእሳቸው መስጠት ነበረበት። ካቻቪቴው በእጁ አልረጋ ሲል እትዬ ተቀብለውት እሱ እያሳያቸው ፈቱት።

በዚያው ቀን ያን ሻጭ ከገጹ አገደ። ማስታወቂያዎቹን ወደ ዳር መለሰ፣ በላያቸውም በትልቁ «ማስታወቂያ» ብሎ ጻፈ።

«ገቢው ይወርዳል» አላት ሚስቱን፣ ሸሚዟን እየተኮሰች ሳለ።

«ይውረድ።» ካውያውን አቆመች። «ግን ስህተቱን ያየኸው ሞተሩ ሲጨስ ነው እንዴ?»

ይህን ያህል ተናግራው አታውቅም።

እትዬ ቅዳሜ አስረከቡ። ደወለላቸው። «ገጹን አስተካክዬዋለሁ፤ አሁን ቢያዩት ችግር የለውም።»

«ተው ልጄ፣ ገጽህ ይቅርብኝ። የቸገረኝን ደውዬ እጠይቅሃለሁ፣ በአፍህ ትነግረኛለህ።»

በእትዬ የደረሰውን ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ገጹን የሚጎበኘው ሰው በየሳምንቱ ቀነሰ፣ ስልኩ ግን ማረፊያ አጣ። ስለ ክር፣ ስለ ማዞሪያ ቺንጋ፣ ስለ ፔዳል፤ ሁሉንም ቁጭ ብሎ በነፃ ያስረዳል። ትናንት አንዲት የማያውቃት ልብስ ሰፊ ደወለች።

«ለወፍራም ጨርቅ ይሄን መርፌ ተጠቀሙ የሚለው የአንተ ቃል ነው ወይስ የማስታወቂያው?»

«የኔ ነው።»



«እርግጠኛ ነህ?»