ያላስጻፍኳቸው ወንዝ

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ያን ቀን በስደት በምንኖርባት ኮሌጅ ፓርክ፣ አፓርታማችን ውስጥ የነበርነው አራት ነን፤ ሽማግሌው ጋሽ ደምሴ፣ ታክሲ ነጂውና አስተርጓሚያችን ጌቱ፣ አንድ ስኮትላንዳዊና እኔ። ትናንት ልጄ የጎንደርን ቆላ በስልኳ ካርታ ስታሳየኝ ሁሉም ትዝ አለኝ።

ስኮትላንዳዊው በአገሩ በጥንቱ ቋንቋቸው በጌሊክ የተሰየሙ የቦታ ስሞችን ከነትርጉማቸው ለካርታ ሲመዘግብ የኖረ ሰው ነው። ያኔ የእኛን ይሰበስብ ነበር። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም ጽሕፈቴ ያምራል ተብሎ በፊደል የምጽፈው እኔ ነበርኩ። አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር ድምፁ እስኪርቅ እንጠብቅ ነበር።

"ይሄን ሁሉ መንገድ መጥቶ የእኛን ጉብታ ነው የሚጠይቀኝ?" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"የራሱን ጨርሶ ነው፣ ጋሼ" አለ ጌቱ።

ሳቁ። ቀጥለው፣ ወደ ሱዳን ሲሸሹ ትንሹን ልጃቸውን የቀበሩበትን ወንዝ ስም ሊያስጽፉ ሲሉ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ወንድሜ ገና ከአገር አልወጣም ነበር።

"ጋሼ፣ ይሄ ይቅርብዎ። ሰው አሁንም በዚያ ነው የሚያመልጠው። ካርታው በመንግሥት ሰዎች እጅ ቢገባስ?"

"እናቱ ከኋላ ቀርታለች" አሉ ቀስ ብለው። "መቃብሩን በምን ታገኘዋለች?"

እስክሪብቶዬን ሳላነሳ ቀረሁ። እሳቸውም ወደ ሌላ ጉብታ አለፉ።

ወንድሜ በሌላ መንገድ ወጣ። ያ መንግሥት ወደቀ፣ ጋሽ ደምሴም ሞቱ፤ የወንዙን ስም ተመልሼ አልጠየቅኳቸውም። በልጄ ስልክ ላይ ሰማያዊ መስመሮቹ ብዙ ናቸው፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም።

ባለቤታቸው እትዬ የሺ ኋላ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገብተው ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። የወንዙን ስም ያላስጻፍኩት እኔ መሆኔን ልነግራቸው እፈልጋለሁና፣ ያሉበትን የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።