ከጥቁሩ ልባስ ሥር

ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ የመክብብ ሙያ ግን በመዳፉ ነበር። ዓረብ አገር፣ ተዋሂ በምትባል የወደብ ሰፈር ተወልዶ እዚያው ስልክ ሲጠግን ሃያ ዓመት የሞላው ይህ ሰው፣ የተበላሸ ስልክ ሲመጣለት ከመፍታቱ በፊት መዳፉ ላይ ያሳርፈዋል። ያተኮሰው ቦታ፣ በሽታው እዚያ ነው። መዳፉ አሳፍሮት ስለማያውቅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይኮራበት ነበር።

ዘንድሮ ሙቀቱ ሲብስ መብራት በቀን ሁለት ሰዓት እንኳ መምጣት ተወ። ሚስቱ ፈትለወርቅ አስም አለባት፤ ማራገቢያው ሲቆም ትንፋሿ ያጥራል። መክብብ ጨነቀው። ከአሮጌ ስልኮች ያወለቃቸውን ሠላሳ ባትሪዎች አያይዞ በሣጥን አሰናዳና አልጋዋ አጠገብ አኖረላት። በጸሐይ ይሞላል፣ ማራገቢያውን ያዞራል። ባትሪዎቹ እንዳይግሉ ደግሞ በየስልኩ ውስጥ ያለውን ጥቁር የካርቦን ልባስ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ የሚሳሳውን፣ ሰብስቦ ከላይ ደራረበባቸው። ጠርዙንም በየባትሪው መሀል ሰገሰገው።

"በየቀኑ መዳፍሽን አሳርፊበት፤ ከጋለ ንቀዪው" አላት።

በሳምንቱ ሣጥኑ ጣፋጭ ሽታ አመጣ። "የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸተኛል" አለችው። ዳሰሰው፤ ቀዝቃዛ ነው። ተወው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሱቁ ውስጥ ከዚያው ልባስ የተረፈውን ደራርቦ እንደያዘ፣ የጋለው መበየጃ ከሥር ነካው። ላዩ ላይ ያረፈው መዳፉ ምንም አልተሰማውም፤ የሥረኛውን ጠርዝ የያዘች ትንሽ ጣቱ ግን ተለበለበች። ደገመው። ያው ነው። ሙቀቱ በድርቡ ዘልቆ ወደ ላይ አይወጣም፤ ልባሱን ይዞ ወደ ጎን ይሮጣል። እንግዲያው አንዱ ባትሪ ቢታመም ትኩሳቱን ለሠላሳዎቹም ያድላል፣ ላዩን የዳሰሰ እጅ ግን ደህና ነው ይላል። ያ ጣፋጭ ሽታም የታመመ ባትሪ ሲያፈስ ነበር።

ደወለላት።

"ፈትሌ፣ ባጣሪያውን፣ የባትሪውን ሣጥን ንቀዪና ውጪ።"

"አሁን ዳሰስኩት እኮ፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ኸላስ፣ አለቀ። ነፋሱ እንዲቀርበኝ ሣጥኑንም አልጋው ላይ አውጥቼዋለሁ።"

"ውጪ አልኩሽ።"

"አንተ የሠራኸውን እኔ አልፈራም" አለች፣ እየሳቀች።

ከድምፅዋ ኋላ የሚያፏጭ ነገር ተሰማው፤ እንፋሎቱ የታፈነ ድስት ዓይነት። ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ሮጠ። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ፈትለወርቅ ደግሞ ሳታርፍ ከስድስት ደረጃ በላይ ወርዳ አታውቅም።