ቅቤ የጠጣችው ባቡር

ድሬዳዋ ደርሼ የተመለስኩ ሰሞን አፌ ልክ አልነበረውም። አርብ ገበያ አቡጀዲ ዘርግቼ ስለ ባቡር ሳወራ፣ "ብረት ነው፤ ውሃ አፍልቶ ይሄዳል፤ እኔም ተሳፍሬበታለሁ" እላለሁ። ሰዉ ጨርቁን እየዳሰሰ ያዳምጥና ሲበቃው፣ "በል ክንዱን ስንት ትላለህ?" ይለኛል። በዚህ ቢቀር ደግ ነበር። የምመኛትን ልጅ እንዲጠይቁልኝ ሽማግሌ ብልክ አባቷ፣ ገብስና ባቄላ አምራች፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው፣ "በፈላ ውሃ ሄድኩ ለሚል ውሸታም ልጄን አልሰጥም" ብለው መለሷቸው።

ብልህ ብሆን ሌላ ልጅ እፈልግ ነበር። ነጋዴ ነኝና ማስረጃ ልገዛ ሄድኩ።

ድሬዳዋ አንድ ግሪክ ባለሱቅ ተነጣጥላ ከነሐዲዷ በሳጥን የታሸገች ባቡር አወጣልኝ። የዚያችው የተሳፈርኩባት የጠባብ ሐዲድ ባቡር አምሳያ ናት፤ ተገጣጥማ እንኳ ክንድ አትሞላም። "በእኛ አገር ልጆች ይገጥሟታል" አለኝ። ከልጅ አላንስም ብዬ ገዛኋት። አነስኩ።

ቤቴን ዘግቼ ጀመርኩ። የዘጋሁት ቀጥቃጭ ሆነ እንዳይሉኝ ነው፤ በውሸታም ላይ ቀጥቃጭ ከተጨመረ ልጅቷን በሩቁ ማየትም ይቀርብኛል። ወረቀቱ በፈረንሳይኛ ስለተጻፈ ስዕሉን አነበብኩ። መንኮራኩር ከሚያዞሩት ሁለት ዘንጎች በስዕሉ ላይ የቀኙ ሽቅብ፣ የግራው ወደ ፊት ሆኗል። "የሳለው ሰካራም ነው" አልኩ። ጭነት ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ እንደሚገለበጥ፣ ስንት ዘመን በቅሎ ለጫነ ለእኔ ይነገራል? እኩል አድርጌ አጠበቅኋቸው። ውሃ ሞልቼ፣ ከሆዷ ሥር ያለችውን ኩራዝ በዳግም አረቄ ለኮስኳት። ፈላች፤ አፏጨች፤ መንኮራኩሯ ግማሽ ዙር ዞሮ ቆመች። ስገፋት ትሄዳለች፤ ስተዋት ትቆማለች። ሦስት ቀን ገፍቼ ሲሰለቸኝ ፈትቼ እንደ ስዕሉ ገጠምኳት። ሄደች።

ብቻ ትንሽ ሲጥ ሲጥ ትላለች። እኛ አገር ሲጥ ለሚል ነገር መድኃኒቱ አንድ ነው። ቅቤ ቀባኋት፤ አልሰሰትኩም።

ገበያው ሲሞላ ሐዲዷን በቁርበት ላይ ዘረጋሁ። የልጅቷ አባት አስጠርቻቸው ከሽማግሌዎቹ ጋር መጥተው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ። ለኮስኩ። አፏጨች፤ ሰዉ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ከዚያም ሐዲዷን ከዳር እስከ ዳር ሄደችው። ደረቴን ነፋሁ። ያን ጊዜ ሽታው መጣ። ቅቤው እላይዋ ላይ ቀልጦ ይንጨረጨራል፤ ሽታው የፋሲካ ዶሮ ወጥ ነው።

"ዛሬ አርብ አይደለም እንዴ?" አለች አንዲት ጌሾ ሻጭ።

"አያ፣ ባቡርህ ጾም አታውቅም?" አለ ሌላው።

"እሷ ምን ታርግ፣ አልተጠመቀች!"

ስሙ ራሱ አርብ የሆነ ገበያ ላይ ቆሜ ጾሙን መርሳቴ! አንድ ቄስ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምሰው ሁሉ ምራቁን እየዋጠ ይረግመኛል። እሳቷን ላጠፋ ብዬ ጣቴን ተጠበስኩ።

አባቷ አልሳቁም። ጎንበስ ብለው ባቡሯን አዩ።

"ሄዳለች" አሉ።

"ሄዳለች፣ አባቴ።"

"በፈላ ውሃ።"

"በፈላ ውሃ።"

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። "ውሸታም ያልኩትን አንስቻለሁ። ሰውዬው ቂል ነው።"

ባቡሯን ልሰበስብ ጎንበስ አልኩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

"ውሸታም መድኃኒት የለውም። ቂል ብልህ ሚስት ካገኘ ይገራል፤ ልጄን ደግሞ አውቃታለሁ። በሉ፣ ቀን ቁረጡ።"

ልደሰት ወይስ ልቀየም ሳልለይ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ሽማግሌዎቹ እዚያው ቆመው ቀኑን ሲቆርጡ፣ "አንተስ ምን ትላለህ?" ያለኝ ሰው አልነበረም።