ስላልወደቅን እናመሰግናለን

አክስቴ ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ሊፍት ታንቀሳቅሳለች። ሊፍቱ አሮጌ ነው። በሩ እየታጠፈ የሚከፈት የብረት ፍርግርግ ስለሆነ አንድ ሰው በእጁ ጎትቶ ካልዘጋው ሊፍቱ ንቅንቅ አይልም። ያ ሰው እሷ ናት። ጥግ ላይ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ በአንድ እጇ ቁልፍ እየተጫነች በሌላው በር እየጎተተች ትውላለች። እኔም አራተኛው ፎቅ ላይ ባለ የትርጉም ቢሮ ስለምሠራ ጠዋትና ማታ ተሳፋሪዋ ነኝ።

ሰው የሚያመሰግነው ላገኘው ነገር ነው። አክስቴ ግን ላልደረሰባት ነገር ታመሰግናለች። ጠዋት ዓይኗን እንደገለጠች ጣሪያውን ታይና «ሳይደረመስ አደረ፤ ተመስገን» ትላለች። ጫማ ስታደርግ ሁለቱ እግሮቿ የተለያየ ቁጥር ስላልሆኑ ታመሰግናለች። ራት አቅርባ «ስላላረረ ተመስገን» ስትል፣ ባሏ አጎቴ ማንኪያውን ያስቀምጥና «ሊያር ነበር እንዴ?» ይላል።

አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«የኔ ልጅ፣ የመጣልንማ ስንት ነው? የበዛው የቀረልን ነው። እሱን ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ያሳዝነኛል» አለችኝ።

ልማዷ ከቤት ባይወጣ ኖሮ ማንንም አይጎዳም ነበር። እሷ ግን ሊፍቱ በቆመ ቁጥር በሩን ትከፍትና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ሦስተኛ ፎቅ! ስላልወደቅን እናመሰግናለን!» ትላለች። የሕንፃው ነባሮች ለምደውታል። የሦስተኛ ፎቁ ልብስ ሰፊ እንዲያውም «እኔም የትናንቱ ሱሪ ስላልጠበበ!» ብሎ ይወርዳል።

ችግር የመጣው ስድስተኛው ፎቅ ላይ ጥርስ ሐኪም ሲከራይ ነው። ጥርሱን የሚያመው ሰው ድሮም በፍርሃት ግማሽ ሆኖ ነው የሚመጣው። ጉንጩን በጨርቅ ጠቅልሎ ስድስተኛ ሲደርስ አክስቴ «ገመዱ ስላልተበጠሰ እናመሰግናለን! ደግሞ አይዞህ፣ ጥርስ ነው፤ ልብ ስላልሆነ ተመስገን!» ትለዋለች። ሰውየው እዚያው ሊፍቱ ውስጥ ይቀርና «ወደ ታች መልሺኝ» ይላል።

ሐኪሙ ለአስተዳዳሪው ከሰሳት። አስተዳዳሪው ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ስለሚጠርግ በሌለበት «እህም» ነው የምንለው። ሊፍቱ በር ላይ መጥቶ ቆመ።

«እህም። እትዬ፣ ይህ ሊፍት ወድቆ ያውቃል?»

«ኧረ ምን በወጣው! ለዚህ እኮ ነው የማመሰግነው።»

«ካልወደቀ መውደቁን ምን አነሳው?»

«ታዲያ ከወደቀ በኋላ ማን ያመሰግናል?»

አስተዳዳሪው ትንሽ አሰበበት። ማሰቡ አናደደው መሰለኝ ፊቱ ቀላ።

«ከነገ ጀምሮ አንዲት ምስጋና ከአፍዎ ከወጣች በርጩማዋ መጋዘን ትገባለች፤ እርስዎም ቤትዎ። ሰው በር መጎተት አያቅተውም።»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። አጎቴ ቀለም ቀቢ ነው። ከመሰላል ወድቆ እግሩ በጄሶ ከታሰረ ወዲህ ቤቱ የቆመው በእሷ ደሞዝ ነው። (ከላይኛው እርከን ስላልወደቀ በጊዜው ተመስግኗል።)

የዚያን ዕለት ምሽት አጎቴ እግሩን ወንበር ላይ እንደሰቀለ «ነይ ተለማመጂ» አላት። «እኔ ተሳፋሪ ነኝ። ደረስኩ። ክፈቺልኝ።»

አክስቴ አየሩን ጎትታ በር ከፈተች። ከንፈሯን ነከሰች። ጉንጮቿ ተነፉ።

«ስላል...»

«ተባረርሽ!» አለ አጎቴ። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ጄሶውን አየችና ሳቋን ተወች። «እሺ፣ እንደገና ድረስ» አለችው።

በማግስቱ ዝም አለች። ሦስተኛ ላይ በሩን ከፈተች፤ ምንም የለም። ልብስ ሰፊው አልወረደም።

«እትዬ፣ ምነው?»

ራሷን ነቀነቀች።

«ገመዱ ነው?»

ገመዱ ደህና ነው ለማለት አፏን ብትከፍት ምስጋናው ተከትሎ እንደሚወጣ ታውቃለች። ስለዚህ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ዝም ብላ አየችው። ልብስ ሰፊው ቀስ ብሎ፣ ወለሉን እንዳያስቀይም በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ ወጣ።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ገመዱ በአንድ ክር እንደቀረና አክስቴም ይህን እንዳትናገር እንደተከለከለች ሕንፃው በሙሉ ሰምቷል። ሁሉም በደረጃ ሆነ። የጥርስ ሐኪሙ ሕመምተኞች አፋችሁን ክፈቱ ሳይባሉ ከፍተው ደረሱ፤ እያለከለኩ ስለነበር ግን ሐኪሙ መርፌውን የሚያሳርፍበት ጊዜ አጣ። ይኸው ሐኪም እየሮጠ ወርዶ አስተዳዳሪውን «አንድ ነገር አድርግ!» አለው።

አስተዳዳሪው ሰዉን ምድር ቤት ሰበሰበ። «እህም። ሊፍቱ ጤነኛ ነው። ይኸው፣ ራሴ እስከ ሰባተኛ እሄዳለሁ!» ብሎ ገባ። ሐኪሙን በክንዱ ይዞ አስገባው። ልብስ ሰፊውን እኔ ገፋሁት፤ እኔም ተከተልኩ።

አክስቴ በየፎቁ አቆመች፤ በየፎቁ በሩን ከፈተች፤ በየፎቁ ዝም አለች። አራታችንም አፏን እናያለን። አራተኛ ላይ ሊፍቱ እንደ ሁልጊዜው ሲጥ አለ። አስተዳዳሪው ክራቫቱን አላላ። ስድስተኛ ላይ ሐኪሙ ቢሮው እዚያው ሆኖ ሳለ መውረድ ረሳ። ሰባተኛ ስንደርስ የአስተዳዳሪው ግንባር በላብ ወርዝቷል።

«እህም። እትዬ... ይበሉት እንጂ።»

«ምኑን?»

«ያንን የሚሉትን።»

«ከልክለውኛል። በርጩማዬ መጋዘን ትገባለች ብለዋል።»

«አትገባም!»

«እኔስ?»

«እርስዎም የትም አይሄዱም! ብቻ ይበሉት፣ በሞቴ!»

አክስቴ በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ የቀኑን ሁሉ አንድ ላይ ለቀቀችው። ስላልወደቅን፣ ገመዱ ስላልላላ፣ ልብስ ሰፊው መቀሱን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ስላልተቀመጠበት፣ ሐኪሙ ሲሮጥ ስላልተሰበረ፣ መብራት መሃል ላይ ስላልጠፋ፣ ደግሞ ስላልተባረረች። እዚህ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰበረ፤ ልብስ ሰፊው ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ታች የሚጠብቁት ሰዎች ደወሉን ያንጫርሩታል፤ እሷ ገና ስላልተሰበሩት መስኮቶች አልጨረሰችም ነበር።

አስተዳዳሪው አዳምጦ ሲጨርስ ፍርግርጉን ራሱ ጎትቶ ወጣ።

«አይመለሱም?» አለችው አክስቴ።

«እህም። እግሬን ላፍታታ።»

ደረጃው ሊፍቱን ዙሪያውን ከቦ ነው የሚወርደው። ስለዚህ እኛ በየፎቁ ስንቆም እሱም በፍርግርጉ በኩል ይታየናል። አምስተኛ ላይ አክስቴ አንገቷን አውጥታ «ስላልተንሸራተቱ እናመሰግናለን!» አለችው። እስከዚያ ድረስ እጁን ኪሱ ከትቶ ዘና ብሎ ይወርድ የነበረው ሰውዬ ቀጥ ብሎ ቆመ። እግሩን አየ። ከዚያ የደረጃውን ድጋፍ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ እንደ ሸርጣን በጎኑ፣ አንድ በአንድ እየረገጠ መውረድ ጀመረ።