የያረጋል መቃብር የቱ ነው?

ሰማን ከቡታጅራ በላይ ባለው ተረተር የሚያርስ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። በ1991 ነሐሴ፣ ጉም በሸፈነው ጠዋት አንድ የጦር ሄሊኮፕተር ማሳው ላይ ወድቆ ሲቃጠል ቀድሞ የደረሰው እሱ ነበር። የነበሩበት ሦስቱም ሰዎች አልቀዋል። ዝናቡ መንገዱን ስለቆረጠው ከከተማ መኪና የሚወጣበት መላ አልነበረም። የመንደሩ ሽማግሌዎች ሬሳ አያድርም፣ ጅብም አለ አሉ። እነሰማን የሚያውቁትን አደረጉ። በአቡጀዴ ከፈኗቸው፣ የጀናዛ ሶላት ሰገዱባቸው፣ ወደ ቂብላ አዙረው ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበሯቸው። ሃይማኖታቸው ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ የለም፤ ቢጠየቅስ ማን ይመልሳል?

በሦስተኛው ቀን ወታደሮች መጥተው፣ ለጊዜው እዚሁ ይረፉ ብለው ሄዱ። ጊዜው ጦርነት ነው፤ ተመልሶ የመጣ አልነበረም። ሰማን ብቻ ሦስቱን ጉብታዎች አጥሮ አረም ሲነቅል ከረመ። ሚስቱ ሃሊማ፣ የራስህን በርበሬ እንዲህ ብትኮተኩተው የት በደረስን እያለች ትተርበው ነበር።

በ1994 ከማሳው ግርጌ ሐውልት ሊመረቅላቸው ሆነ። የሦስቱም ስም ድንጋዩ ላይ ተቀረጸ። በምርቃቱ ጠዋት የአብራሪው የያረጋል እናት፣ ወይዘሮ ብርቄ፣ ቄስ አስከትለው ከወልቂጤ መጡ። መዝገብ ቤት ነው የሚሠሩት። የሞቱ መርዶ በደብዳቤ ሲደርሳቸው፣ ልጄ አልሞተም ብለው ጥቁር ሳይለብሱ፣ እርም ሳያወጡ ሦስት ዓመት ቆይተዋል። ዛሬ ግን መቃብሩን አይተው፣ ፍትሐት አስፈትተው፣ አልቅሰው እንዲወጣላቸው ቆርጠዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

ይህን ሁሉ ለሰማን የነገረው የወረዳው ሰው ዳምጤ ነው። ጎኑን ጎሸም አድርጎት፣ መሐለኛው ነው በልና ገላግላቸው፣ እንግዶች እየጠበቁ ነው አለው።

ብርቄ ጉብታዎቹ ፊት ቆሙ።

«ወንድሜ፣ የኔ የቱ ነው?»

ሰማን መሐለኛውን አየ። እጁ ሊነሣ ምንም አልቀረውም። ግን በገዛ እጁ በከፈነው ሰው ላይ መዋሸት ከበደው።

«እናቴ፣ አላውቀውም። ተቃጥለው ነበር። መልካቸው አይለይም።»

ሁሉንም በእስልምና ሥርዓት እንደቀበሯቸውም አልደበቀም፤ አውፍ በሉን፣ ይቅር በሉን አላቸው።

ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ሴትዮዋ ግን ዐይናቸው በራ።

«ካልለየኸውማ እሱ ነው ያለው ማነው? ያን ቀን ሌላ ሰው ተክቶት በርሮ ቢሆንስ?»

ቄሱ መጽሐፋቸውን እንደገለጡ ቀሩ። ብርቄ ነጠላቸውን ከላያቸው አንሥተው፣ አቃንተው ለበሱት። ከቦርሳቸው ወረቀት አወጡና ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ እንደለመደ ሰው እጅ ጻፉ። ሟቹ ያረጋል ለመሆኑ የሚመሰክር ስለሌለ ስሙ ከድንጋዩ እንዲፋቅ የሚል ማመልከቻ ነው። አንብበው አሰሙት።

ሰማን መሐለኛውን ጉብታ በጣቱ አሳየ።

«ቆይ እናቴ፣ አሁን ትዝ አለኝ። መሐለኛው ነው።»

«አትዋሽልኝ ወንድሜ» አሉት፣ ትከሻውን መታ መታ አድርገው። «አንተ ደግ ሰው ነህ። እውነቱን አንዴ ነግረኸኛል።»

ከታች ሐውልቱን የሸፈነው ጨርቅ ተገለጠና ተጨበጨበ። በድምፅ ማጉያው መጀመሪያ የተጠራው ስም የያረጋል ነበር። እናቱ ዞር ብለው እንኳ አላዩም። ምስክር ሆኖ እንዲፈርምላቸው የሰማንን አውራ ጣት ይዘው በእስክሪብቶ ቀለም እየቀቡ ነበር። ሰማን እጁን አልነጠቃቸውም። ወረቀቱ ላይ ሲያሳርፉት ዐይኑን ጨፈነ።