በሰኔ ጾም የተጠገነው ጀልባ

አቶ አካለ ወልድ በአምበር ዙሪያ ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት ጣሪያ በቆርቆሮ ሲመቱ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። ከሰማይ የሚወርደውን ውሃ ሲከለክሉ የኖሩት ሰው በዕድሜያቸው ማምሻ ከታች የሚመጣውን ይከለክሉ ዘንድ ግድ የሆነባቸው በአንድ ሰኔ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሊያልፍ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው።

ልጃቸው የኔዓለም ከወንዙ ማዶ ተድራ መውለጃዋ ለሐምሌ ነበር። ሰኔ ከገባ ደግሞ ወንዙ ሞልቶ እስከ መስከረም እግረኛ አያሻግርም፤ ሐምሌ ላይማ ጀልባም አይደፍረውም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለላ፣ «ልጄ እኔ ሳልኖር የበኩሯን አትወልድም» ብለው ቃላቸውን ቆርጠዋል። በወንዙ ዳር አንድ የውጭ አገር ሰው ዓሣ ሲያጠምድበት ቆይቶ ለመንደሩ ትቶት የሄደ የአሉሚኒየም ጀልባ ተደፍቶ ነበር፤ ጎኑ የተጨረማመተ፣ ችንካሩ የላላ፣ ወለሉ በሁለት ቦታ የተቀደደ።

አቶ አካለ ወልድ ጭርምቱን በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ አቀኑ። ቀዳዳውን ከአሮጌ የአሉሚኒየም ድስት በቆረጡት ልጥፍ ደፈኑ። የላላውንም ችንካር አንድ በአንድ ቀጥቅጠው አጠበቁ። የቀረው መጋጠሚያውን መምረግ ነበር። ለዚህ የሚበጀው ከሞራ ጋር የቀለጠ ሰም እንደ ሆነ ያውቃሉ፤ ዳሩ ግን የሐዋርያት ጾም ገብቷልና «በጾም እጄ ሞራ አይነካም» ብለው ሰሙን በኑግ ዘይት አቀለጡት።

ጀልባውን በድንጋይ ላይ አስቀምጠው በእንስራ ውሃ ሞሉበት። ምርጉ እንደ ለሰለሰ ቀርቶ ኖሮ ውሃው በየመጋጠሚያው ተንጠባጠበ።

«ጾመኛ አድርገውታል» አሉ ወይዘሮ ወለላ፤ «ያቀመሱትን ሁሉ ይተፋል።»

«በሞራ ብመርገው ጾሜ ይፈርሳል።»

«እንግዲያ አባን ይጠይቁ። ሐምሌ እርስዎን አይጠብቅም።»

የነፍስ አባታቸው አባ ወልደ ሚካኤል ነገሩን ሰምተው ጠየቁ።

«ልጄ፣ ሞራውን ልትልሰው ነው?»

«እንዴት ብዬ፣ አባቴ።»

«ስትጨርስ እጅህን ትታጠባለህ?»

«በአመድ አሽቼ።»

«እንግዲያስ ጀልባው ይብላው። እሱ ክርስትና አልተነሣም።»

አቶ አካለ ወልድ መስቀሉን ተሳልመው ተመለሱ፤ የኑጉን ምርግ ፍቀው በሞራና በሰም መረጉት። ጧት የሞሉት ውሃ እስከ ማታ አንዲት ጠብታ አላወረደም።

በሰኔ መጨረሻ፣ ወንዙ ሰፍቶ ረጋ በሚልበት ቦታ፣ ወንዙ ሳይሞላ ከዳር እስከ ዳር የታሰረውን ገመድ እየሳቡ ሚስታቸውን ማሻገር ጀመሩ። ወይዘሮ ወለላ የዱቄቱን ስልቻ በራሳቸው ተሸክመው ተቀምጠዋል።

«አስቀምጪው እንጂ፣ ወለላ።»

«የአራስ ገንፎ ነው፤ በወንዝ ውሃ አላቦካውም።»

እሳቸውም ገመዳቸውን ሳቡ። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ወይዘሮ ወለላ ስልቻውን በአንድ እጃቸው ደግፈው ጎንበስ ብለው ወለሉን በመዳፋቸው አበሱ፤ መዳፋቸውንም ገልብጠው አዩ። ደረቅ ነበር። ስልቻውን ከራሳቸው አውርደው በእግራቸው መካከል አኖሩና ውዳሴ ማርያማቸውን ጀመሩ። የኔዓለም ከማዶ ሆዷን ደግፋ ቆማ ነበር።